ውሃ ዳር ልትሄዱ ነው? መጀመሪያ ዳሩን ጠይቁ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳልርቅ። ከውጭ የመጣ ዘመድ ወደ ቢሾፍቱ ሲወርድ እኔ ቤት ጎራ ብሎ ቡና ሳይጠጣ አያልፍም። ልጆቹ የዋና ልብሳቸውን ከቤት ለብሰው ነው የሚመጡት። አባትየው ስልኩን አውጥቶ የሆቴል ፎቶ ያሳየኛል። «ይሄ እንዴት ነው? ጥሩ ቢች አለው?»

እኔም ውጭ ኖሬ የተመለስኩ ስለሆንኩ ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። እዚያ ቢች ሲባል አሸዋ አለው፣ ውሃው ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው፣ ባንዲራና ጠባቂ አለው። ከአዲስ አበባ ወጣ ብላችሁ የምታገኙት ሰማያዊ ውሃ ግን ባብዛኛው እሳተ ገሞራ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነው። ስለዚህ ስለ ሆቴሉ አልጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ውሃው ዳር ጠይቁ።

በቢሾፍቱ እንጀምር፤ ሁሉም የሚሄደው እዚያ ነውና። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ሆራና ባቦጋያ ሦስቱም የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ባቦጋያም ከ60 ሜትር በላይ ነው። ስፋታቸውን ስታዩት ግን በእግር ዞራችሁ የምትጨርሱት ነው። እንዲህ ጠባብ ሆኖ እንዲያ የጠለቀ ውሃ ጎኑ ገደል ነው ማለት ነው። ዳር ላይ ስትቆሙ ውሃው ጉልበታችሁ ድረስ ነው። አንድ እርምጃ ስትጨምሩ ወገብ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ እግር የሚረግጠው ነገር ያጣል። ሰው «ሐይቁ በየዓመቱ ሰው ይበላል» ሲል ትሰማላችሁ። ሐይቁ ምንም አይበላም። ዳሩ ነው ተንኮለኛው።

«ልጄ እኮ ዋናተኛ ናት» የሚለኝ ወላጅ ብዙ ነው። እውነት ነው፣ ውጭ ያደገ ልጅ ዋና ይችላል። የተማረው ግን ገንዳ ውስጥ ነው። ወለሉ ይታየዋል፤ ሲደክመው ጠርዙን ይይዛል። ሐይቅ ላይ የሚያዝ ጠርዝ የለም። እንግዲያው ከመምጣታችሁ በፊት፣ እዚያው ሰፈራችሁ ባለው ገንዳ፣ ጠርዝ ሳይነካ በጀርባው ተንሳፍፎ መቆየት ይችል እንደሆነ እዩት። ካልቻለ ቢሾፍቱ ላይ ሐይቅ አይገባም፤ አለቀ።

ቢሾፍቱን እያጣጣልኩ አይደለም። ለመቀመጥ፣ ለመብላት፣ በጀልባ ለመዞር፣ ወፍ ለማየት የሚያህለው የለም። ልጆቹን ብቻ ገንዳ ውስጥ አድርጓቸው። ስልክ ስትደውሉም «ላይፍ ጋርድ አላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። «ቅዳሜ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚቆመው? ገንዳው ጋ ነው ሐይቁ ጋ?» በሉ። «ቆይ ላጣራ» ካሏችሁ መልሱን አግኝታችኋል። ገንዳው ይሞቅ እንደሆነም ጠይቁ። ከተማው ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ፣ ገንዳው ካልሞቀ ረፋዱን ልጆቹ እግራቸውን ነክረው ይመለሳሉ። በዚሁ ከፍታ ፀሐዩ ደግሞ አይጣል ነው። ነፋሻ ስለሆነ አይታወቅም፤ ማታ ትከሻቸው ተልጦ ታገኙታላችሁ። የፀሐይ ክሬሙን ከዚያው ይዛችሁ ኑ።

እናታችሁን ወይም አያታችሁን ይዛችሁ ከሆነ የምትሄዱት፣ ሌላም ጥያቄ አለ። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ውሃው ስንት ደረጃ ነው? ጉድጓድ ስለሆነ ብዙዎቹ ሪዞርቶች ቁልቁለት ላይ ነው የተሠሩት። መውረዱ ቀላል ነው። ጉልበቷን የሚያማት እናት ስትመለስ ነው የምታለቅሰው። ከፍ ካለ በረንዳ ላይ ሐይቁን እያየች ቡናዋን የምትጠጣበት ቦታ ምረጡላት።

ከውጭ ምግብ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነም አጣሩ። አንድ እሁድ አንድ ሪዞርት በር ላይ ጥበቃው የአክስቴን ዘንቢል ከፈተ። ከላይ ነጠላ፣ ከነጠላው ሥር ሙሉ ድፎ ዳቦ፣ ከድፎው ሥር ፔርሙዝ። «እናቴ፣ ከውጭ ምግብ አይገባም» አላት። «ልጄ፣ ይሄ ምግብ አይደለም፣ ዳቦ ነው» አለችው። ከኋላችን መኪና ተሰልፎ ጥሩምባ ይነፋል። በመጨረሻ እሱም አንድ ቁራሽ ደረሰው፣ ድፎው ግን መኪና ውስጥ ዋለ። አክስቴ እስካሁን ያንን ቦታ በስም አትጠራውም።

እውነተኛ ቢች፣ አሸዋ ያለውና ልጅ ቁጭ ብሎ የሚጫወትበት፣ ካላችሁ እሱ ላንጋኖ ነው። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ደርሶ መልስ አትሞክሩት፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሩ። ከሞጆ ወደ ባቱ (ዝዋይ) የሚወስደው አዲሱ የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አቅልሎታል። ላንጋኖ የጉድጓድ ሐይቅ አይደለም፤ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የተዘረጋ ሰፊ ውሃ ነው። ስለዚህ ዳሩ ብዙ ቦታ ላይ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። ከቢልሃርዚያ፣ ከውሃ ከሚይዘው የተውሳክ በሽታ፣ ነጻ ነው ተብሎ ከድሮ ጀምሮ የሚታወቀውም እሱ ነው።

ሁለት ነገር ግን ልንገራችሁ። አንደኛው ቀለሙ ነው። ፎቶ አይታችሁ ሰማያዊ ከጠበቃችሁ ትደነግጣላችሁ፤ ማኪያቶ ነው የሚመስለው። ቆሻሻ አይደለም፤ ውሃው ውስጥ የተንሳፈፈ ደቃቅ ጭቃ ነው። ችግሩ ከጉልበት በታች ምንም አለመታየቱ ነው። ልጅ ብቅ ጥልቅ ሲል አይታችሁት፣ ጥልቅ ካለ በኋላ የት እንዳለ አታውቁም። ስለዚህ ሰማያዊና ቡናማ የዋና ልብስ እቤት ይቅር። ደማቅ ብርቱካናማ ወይም የሚያንጸባርቅ ሮዝ አልብሷቸው። አንድ ትልቅ ሰውም ስልኩን አስቀምጦ ውሃው ውስጥ አብሯቸው ይቁም።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። ጠዋት ላንጋኖ ዝም ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ይነሳና ማዕበል ይመጣል። ልጆቹ ማዕበሉን ይወዱታል፤ እኔም አልጠላውም። የሚያስፈራኝ በአየር የሚነፋው ጎማና ዳክዬ ነው። ነፋሱ ከዳር ወደ መሃል ከዞረ ልጁን ከነዳክዬው ይዞት ይሄዳል። እሱን ሻንጣ ውስጥ ከምትከቱ በልጁ ክብደት ልክ የተሠራ ላይፍ ጃኬት አምጡ። እዚህ ጀልባ ላይ የሚሰጧችሁ ብዙ ጊዜ የትልቅ ሰው ነው፤ ልጁ ውሃ ሲገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ይወጣና ልጁ ወደ ታች ይንሸራተታል። ለአክስት ልጅ የተገዛው ሦስተኛ ጥንድ ጫማ ቢቀር ማንም አይቀየማችሁም። እሺ፣ ይቀየማችኋል፤ ግን ይረሳል።

ዝዋይና ሐዋሳ ሐይቅ ያምራሉ፤ ዓሣቸውን ብሉ፣ ጀልባ ተሳፈሩ፣ ጉማሬውን ከሩቅ እዩ። አትግቡባቸው። ሁለቱም ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ተውሳኩ ከውሃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፤ ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፣ እግር መንከር ይበቃል። «ወዲያው በፎጣ ካደረቅነው ምንም የለም» የሚባለውን አትመኑ። ከገባችሁ ደግሞ ገብታችኋል፤ ሀገራችሁ ስትመለሱ ሐኪሙን «ኢትዮጵያ ሐይቅ ውስጥ ዋኝቼ ነበር» በሉት። እናንተ ካልነገራችሁት ቢልሃርዚያ ትዝ ላይለው ይችላል። ምርመራው ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው የሚያሳየው፤ መድኃኒቱም በአፍ የሚዋጥ ነው።

ለአዲስ አበባ ቅርብ የሆኑትን በአጭሩ። ገፈርሳና ለገዳዲ የምንጠጣው ውሃ ናቸው፤ ሽርሽር አይደሉም። አባ ሳሙኤል የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ የሚገባበት ነው፤ ከአሮጌው ታሪኩ በቀር የሚታይ ነገር የለውም። ቆቃ ላይ አዞ አለ፤ ተጨማሪ አልናገርም። ወንጪ እጅግ ውብ ነው፤ ግን ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው፣ ጃኬት ለብሳችሁ ፈረስ የምትቀመጡበት እንጂ የምትዋኙበት አይደለም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ አብዛኛው ዲያስፖራ የሚመጣው ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ክረምት ነው። ስምጥ ሸለቆው ከአዲስ አበባ ያነሰ ዝናብ ያገኛል፤ እዚህ ሲያዘንብ እዚያ ፀሐይ የሚሆንበት ቀን አለ፤ ግን ዋስትና የለውም። ከመስቀል በኋላ እስከ ጥምቀት ያለው ይሻላል። ከመስቀል በኋላ ያለው እሁድ ላይ ግን ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ አለ። ለበዓሉ ከመጣችሁ እሰየው፣ ክፍል ቀደም ብላችሁ ያዙ። ለመዝናናት ከሆነ ያን ሰሞን ቢሾፍቱን ተዉት።

ዋጋ ስትጠይቁ ቢጫ ካርዳችሁ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው) እንዳለ ተናገሩ። የነዋሪና የውጭ ዜጋ ዋጋ የሚለዩ ቤቶች አሉ፤ በር ላይ ደርሳችሁ ከምትከራከሩ በስልክ ጨርሱት። መንገዱንም በዚያው ሰሞን ከሄደ ሹፌር ጠይቁ፤ ከመሸ ደግሞ አትንቀሳቀሱ። እሁድ ማታ እዚህ ቱሉ ዲምቱ መክፈያው ጋ ያለውን ሰልፍ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ነው የማየው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ከቢሾፍቱ ውጡ።

«የለም፣ እኔ ጨው ያለው ባሕር ነው የምፈልገው» የሚል አለ። አባቶቻችን ምጽዋ ይሄዱ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ ሀገር ከሆነች ወዲህ የራሳችን ባሕር የለንም፤ ከቦሌ መብረር ነው። ጅቡቲ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በበጋው ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ሰው ከዓለም ዳር ይመጣል። በእኛ ክረምት ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ልጅ ይዛችሁ አታስቡት። ዛንዚባር ለልጆች ይሻላል፤ ሚያዝያና ግንቦት ዝናብ ነው እንጂ ሐምሌና ነሐሴ አየሩ ደስ ይላል፤ ለእናንተ የትምህርት ዕረፍት ይገጥማል።

እዚያም ዳሩን ጠይቁ። በምሥራቁ ዳር፣ እነ ፓጄና ጃምቢያኒ ጋ፣ ውሃው በቀን ሁለቴ እየሸሸ ሩቅ ይሄዳል። ጠዋት የተዋኛችሁበት ቦታ ከሰዓት ሲሆን ሴቶች የባሕር አረም የሚለቅሙበት አሸዋ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለማየት ግሩም ነው፤ ለመዋኘት የመጣ ልጅ ግን ያኮርፋል። በሰሜኑ ጫፍ፣ ኑንግዊና ኬንድዋ ላይ፣ ውሃው ያን ያህል አይሸሽም። ስለዚህ ሆቴል ስታማርጡ ከኮከቡ ብዛት በፊት የትኛው መንደር እንደሆነ እዩ፤ የውሃው መምጫና መሄጃ ሰዓትም በየቀኑ ስለሚቀያየር እንግዳ መቀበያው ላይ ጠይቃችሁ ምሳችሁን በዚያው ልክ አድርጉ።