አንድ ሌሊት ጣቢያ ቢያድር ይፈራ ይሆን?

ጥያቄ፦ የሟች እኅቴን ልጅ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ የማሳድገው እኔ ነኝ። የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ልጁ አሁን አሥራ አራት ዓመቱ ሲሆን፣ በቅርቡ ከሁለት ከፍ ካሉ ልጆች ጋር ታይዋን ገበያ ከአንድ ሱቅ ስልክ ሲያነሣ ተይዟል። ቀደም ሲልም የጎረቤት ብስክሌት ወስዶ በሽምግልና ጨርሰነው ነበር። አሁን ግን ነገሩ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው። አንድ የማከብራቸው ጎረቤቴ «አትረከበው፤ ሁለት ሦስት ቀን ጣቢያ ይደር፤ የእስር ቤት ሽታ ካወቀ አይደግመውም» ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ ሌት ተቀን ታለቅሳለች። ፍርድ ቤቱ ምን ይወስንበታል? መዝገቡስ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል? የእጅ አመል የያዘው ልጅስ ይመለሳል?

መልስ፦ ከጎረቤትዎ ምክር ልጀምር፤ በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ካነሷቸው ነገሮች ሁሉ ልጁን ይበልጥ የሚጎዳው እርሱ ነውና። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 172፣ ልጁን የያዘው ፖሊስም ሆነ ሌላ ሰው ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው ፍርድ ቤት እንዲያቀርበው ያዛል። ሕጉ «ወረዳ ፍርድ ቤት» የሚለው በድሬዳዋ ዛሬ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ነገሩ በቀጠሮ የሚያድር ከሆነ ልጁ የሚሰጠው ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለዘመዱ ሲሆን፣ እነርሱ ከሌሉ ደግሞ ለታመነ ሰው ነው። ተረካቢውም በቀጠሮው ቀን ሊያቀርበው ኃላፊነት ይወስዳል። እንግዲህ እርስዎ «አልረከብም» ካሉ፣ ሕጉ ቤቱ እንዲያድር የፈለገውን ልጅ ጣቢያ የሚያሳድሩት እርስዎ ይሆናሉ ማለት ነው።

ጣቢያ ሲያድር ከማን ጋር እንደሚያድርም ያስቡ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 እና የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 53 ልጆች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲጠበቁ ያዝዛሉ፤ የተለየ ክፍል በሌለበት ግን ትእዛዙ ወረቀት ላይ ይቀራል። ከዓመታት በፊት በአንድ ችሎት ደጃፍ ከአንድ ጎልማሳ ጋር በአንድ ካቴና የታሰረ ልጅ አይቻለሁ። ካቴናው ለአንጓው ሰፍቶት እንዳይወልቅበት በነፃ እጁ ደግፎ ይዞት ነበር። ጎልማሳው በጆሮው አንድ ነገር ሲነግረው ልጁ ሳቀ። ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ነገር ግን በዚያ ጠዋት ልጁን ያነጋገረው ሰው እርሱ ብቻ ነበር።

ልጅን በእስር ቤት ማስፈራራት በሌላ አገር በሰፊው ተሞክሯል። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ ራህዌይ በተባለው ወኅኒ ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው እስረኞች ለጥፋት የተጋለጡ ልጆችን እየጮኹ እንዲያስደነግጡ ተደርጎ ነበር፤ ሐሳቡም ብዙ ተከታይ አገኘ። በኋላ በዕጣ ተለይተው የተነጻጸሩ ቡድኖች ሲጠኑ ግን፣ ወኅኒ ቤቱን ያዩት ልጆች ካላዩት ይልቅ በብዛት ወደ ጥፋት መመለሳቸው ተረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሌላ ግምገማ ደግሞ በ29 ሙከራዎች ከ7,300 በላይ ልጆችን ተመልክቶ፣ በመደበኛው የፍርድ ሂደት ያለፉት በምክር ወይም በሌላ መንገድ ከተሸኙት ያነሰ እንዳላጠፉ፣ እንዲያውም በጥቂቱ እንደባሱ አግኝቷል። ጥናቶቹ በአብዛኛው የአሜሪካ ናቸው፤ ሳቢያን ደግሞ ኒው ጀርሲ አይደለም። ቢሆንም ከትምህርት የሚቀርባቸው ቀናት፣ ሠፈር የሚያወጣለት ስምና ጣቢያ የሚያገኛቸው አዳዲስ ጓደኞች እዚህም ያው ናቸው።

ወደ ፍርድ ቤቱ ልለፍ። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለው የሚታየው በልዩ ድንጋጌዎች ነው። እነዚህ ድንጋጌዎች አዲስ አይደሉም፤ ስዊዘርላንዳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ባረቀቁት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥም ነበሩ። ጉዳዩ የሚሰማው ሕዝብ በሌለበት፣ ከችሎት ሥርዓት በላላ አነጋገር ነው። አሳዳጊ አብሮት ካልቀረበ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ይመድብለታል። በዛሬው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 54 መሠረት ዳኛው ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና አስተዳደግ ሊጠይቅ ይችላል፤ እርስዎንም፣ መምህሩንም ሊያነጋግር ይችላል። የብስክሌቱን ነገር እንዳይደብቁ እመክርዎታለሁ። በሽምግልና ያለቀ ነገር የቀድሞ ፍርድ ተብሎ አይቆጠርም፤ በኋላ ከሌላ አፍ ሲሰማ ግን የሚጎዳው የእርስዎን ታማኝነት ነው።

ዳኛው ሊወስን ከሚችላቸው እርምጃዎች መካከል ተግሣጽ፣ በትርፍ ሰዓቱ በቤቱ ወይም በትምህርት ቤቱ ተወስኖ ሥራ መሥራት፣ ለታመነ ሰው ተሰጥቶ በክትትል ማደግ፣ እንዲሁም ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም መግባት ይገኙበታል። የመጨረሻው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላው በኋላ አይቀጥልም። በአገራችን ለረጅም ዘመን የታወቀው የዚህ ዓይነት ተቋም ያለው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ ለድሬዳዋ ልጅ ትርጉሙ ከቤተሰብ መራቅ ነው። እኔ ለእርስዎ ልጅ የምመርጠው በአንቀጽ 159 የተጻፈውን ክትትል ነው። በዚህ እርምጃ ልጁን የሚረከበው ሰው ለመልካም ጠባዩ በኃላፊነቱ እንደሚተጋ በፍርድ ቤት ፊት በጽሑፍ ግዴታ ይገባል። ስለዚህ ልጁ ከትምህርት ቤት ስንት ሰዓት እንደሚመለስ፣ ከእነዚያ ከፍ ካሉ ልጆች በምን እንደሚለይ፣ ቅዳሜን የት እንደሚውል አስበው ይቅረቡ። «እመክረዋለሁ» ብቻ ማለት ዳኛውን አያሳምነውም።

ስለ መዝገቡ፣ በአንቀጽ 165 መሠረት እንዲህ ያለ እርምጃ የተፈጸመበት ልጅ በወንጀል እንደ ተቀጣ አይቆጠርም። እርምጃው ሳይሠራ ቀርቶ ልጁ ደግሞ ሲያጠፋ ግን ቅጣት የሚመጣበት በር ይከፈታል።

ይመለሳል ወይ ላሉኝ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚያጠፉ ልጆች አብዛኞቹ ሲጎለምሱ ይተዉታል፤ እየባሰባቸው የሚሄዱት ጥቂቶች ናቸው። በጓደኛ ተገፋፍቶ የሚሰርቅ ልጅ ከብቸኛ ሌባ ይልቅ ተስፋው ይበዛል ባይ ነኝ።

ሲቀርቡ የልደት ምስክር ወረቀቱን ይያዙ። ከሌለው የክትባት ካርዱን ወይም የትምህርት ቤት መዝገቡን ይዘው ይምጡ፤ የሚታየው ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነውና ጥቂት ወራት እንኳ የሕጉን ክፍል ይለውጣሉ።

ጥያቄ፦ ሐረር መምህር ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ተማሪዬ እንደ አዋቂ መከሰሱ ትክክል ነውን?

መልስ፦ ሕጋዊ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 56 መሠረት ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ያለ ልጅ የሚዳኘው በመደበኛው ድንጋጌ ነው። አገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ያለውን ሁሉ ሕፃን ስለሚለው፣ ይህ ክፍተት መስተካከል አለበት እላለሁ። እስከዚያው ዳኛው ቅጣቱን ማቅለል ወይም ለወጣት ጥፋተኞች የተለዩትን ቅጣቶች መወሰን ይችላል፤ ሞት ግን በፍጹም አይፈረድበትም። እርስዎ ስለ ተማሪው የሚያውቁትን፣ የቀረባቸውን ቀናትና የተሻሻለባቸውን ትምህርቶች ጭምር፣ በትምህርት ቤቱ ማኅተም አስደርገው ቅጣት ከመወሰኑ በፊት ለጠበቃው ይስጡ።