የእህትሽ ባል ጨረታ ሲገባ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። የመሥሪያ ቤታችሁ ጨረታ ኮሚቴ ጸሐፊ ነሽ፤ የእህትሽ ባል ደግሞ ለጽሕፈት መሣሪያ ግዥ የጨረታ ሰነድ ገዝቷል። «በዋጋ ካሸነፈ ጥፋቴ ምንድን ነው? ብናገርስ በሌብነት አይጠረጥሩኝም?» ብለሻል። በግዥ ሥራ ላይ ረጅም ዓመታት ስለቆየሁ ደጋግሞ ያጋጠመኝ ጉዳይ ነው።

ነጋዴ ዘመድ መኖሩ ጥፋት አይደለም፤ እሱም የመወዳደር መብት አለው። ነገር ግን አንቺ ኮሚቴው ውስጥ እያለሽ ካሸነፈ፣ ዋጋው ከሁሉም ያነሰ ቢሆን እንኳን፣ የተሸነፈው ተወዳዳሪ ቅሬታ ሲያቀርብ በመጀመሪያ የሚያነሳው ዝምድናችሁን ነው። ስለዚህ ፖስታው ሳይከፈት አሳውቂ። ከተከፈተ በኋላ ብትጽፊ ማን እንደመራ አይተሽ የጻፍሽው ይመስላል።

በቃል ብቻ አትናገሪ፤ አለቃ ይቀየራል፣ ቃልም ይረሳል። እኔ በነበርኩበት ኮሚቴ አንድ ባልደረባችን ያስገባው ደብዳቤ ከሦስት መስመር አይበልጥም ነበር፦ «ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የባለቤቴ ወንድም ስለሆነ ከጨረታው መክፈቻ እስከ ውል ፊርማ ድረስ ራሴን አግልያለሁ፤ ሌላ ሰው እንዲተካ እጠይቃለሁ።» መዝገብ ቤት ገቢ አስደረገ፣ ለሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ግልባጭ ሰጠ፣ ቀንና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ለራሱ አስቀረ። በኋላ ኦዲተሮች ስለ ግዥው ሲጠይቁ ያቺ ወረቀት በቂ መልስ ሆነች። በሌብነት የጠረጠረውም ሰው አልነበረም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን የቴክኒክ ዝርዝሩን ነው። አድልዎ ብዙ ጊዜ የሚገባው በግምገማው ሳይሆን በዚያ በኩል ነው። «ኤ4፣ 80 ግራም ወረቀት» ብሎ መጻፍ ለሁሉም ክፍት ነው። የአንድን አስመጪ ምርት በስም መጥቀስ፣ ወይም ብዙ ካርቶን በሁለት ቀን ውስጥ ይቅረብ ማለት ግን ዕቃው አስቀድሞ በመጋዘኑ ያለውን ነጋዴ መምረጥ ነው። ዝርዝሩ ሲዘጋጅ እጅሽ ካለበት ይህንንም በደብዳቤሽ ግለጪ። ዕቃ ርክክቡና ክፍያውም በአንቺ በኩል እንዳያልፍ ጠይቂ።

የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 በስሙ ስለ ሀብት ብቻ የሚናገር ቢመስልም የጥቅም ግጭትንም ይመለከታል፤ ፈልገሽ አንብቢው። የእኛ አገር ዝምድና ደግሞ በሥጋ ብቻ አይወሰንም። አበልጅ፣ ሚዜ፣ አብሮ ንግድ የጀመረ ጓደኛ ሁሉ አለ። እኔ ብሆን እነዚህንም አሳውቃለሁ።

የእህትሽ ባል «ሌሎቹ ስንት አስገቡ?» ብሎ ሊጠይቅሽ ይችላል። ቅር ቢለውም ራስሽን ማግለልሽን ዛሬውኑ ንገሪው፤ ለእህትሽም አስረጃት፣ በመካከላችሁ ቅያሜ እንዳይገባ። አለቃሽ ደግሞ «ችግር የለውም፣ ቀጥዪ» ካሉሽ፣ በአክብሮት «እንግዲያውስ ይህንኑ ደብዳቤው ላይ ይምሩልኝ» በያቸው። ፊርማቸውን ማሳረፍ ሲመጣ አብዛኞቹ አለቆች ተተኪ መመደብን ይመርጣሉ።