አባሏ ገንዘብ አላት፣ ድምሯ ግን ባዶ ነው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማህበር የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የአባላቱን መዝገብ ከወረቀት ወደ አክሰስ (የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ፕሮግራም) ያስገባሁት እኔ ነኝ። መደበኛ ቁጠባ፣ የፍላጎት ቁጠባና ዕጣ (አባሏ በማህበሩ ያላት ድርሻ) የሚሉ ሦስት ዓምዶች አሉ። አራተኛው የሦስቱ ድምር ነው። የፍላጎት ቁጠባቸው ያልተሞላ አባላት ድምራቸው ባዶ ሆኖ ይወጣል። ከሥር ያለው ጠቅላላ ድምርም ከሦስቱ ዓምዶች ድምር ጋር አይገጥምም። ኦዲተሩ «ገንዘቡ የት ገባ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንዲት ጓደኛዬ «ባዶውን ሁሉ ዜሮ ሙይውና ተገላገይ» ትላለች። ላድርገው? ደግሞ በዓመቱ ሪፖርት ጳጉሜን ለሁሉም ባዶ ነው፤ ቁጠባው ከደመወዝ ስለሚቆረጥ። እሱንስ ምን ላድርገው?

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘቡ የትም አልገባም። መዝገብሽ ውስጥ አለ። ነገ ጠዋት ለኦዲተሩ የምታሳዪው በሦስት አባላት ብቻ የተሠራ ትንሽ ሰንጠረዥ ይበቃል።

የመጀመሪያዋ አባል 500 መደበኛ፣ 200 የፍላጎት፣ 300 ዕጣ አላት እንበል፤ ድምሯ 1,000 ብር። ሁለተኛዋ 500 መደበኛና 300 ዕጣ አላት፤ የፍላጎቱ ሳጥን አልተሞላም። ሦስተኛዋ 500፣ 400 እና 300፤ ድምሯ 1,200። አሁን ዓምዶቹን ወደ ታች ደምሪ። 1,500 ሲደመር 600 ሲደመር 900፣ 3,000 ብር ይሆናል። የድምሩን ዓምድ ብትደምሪ ግን 2,200 ነው የሚወጣው። ልዩነቱ 800 ብር ነው። ያ 800 የሁለተኛዋ አባል ገንዘብ ነው፣ ሳንቲም ሳይጎድል። አንቺም ሪፖርትሽ ላይ ድምራቸው ባዶ የሆኑትን አባላት ብቻ ለይተሽ በእጅ ደምሪያቸው። ከጎደለው ጋር ልክ ይገጥማል።

እንዲህ የሆነው ዳታቤዝ ባዶን በሁለት መንገድ ስለሚያስተናግድ ነው። ረድፉን በመደመር ምልክት ወደ ጎን ስትደምሪ፣ ባዶውን «አላውቅም» ብሎ ያነበዋል። 500 ሲደመር አላውቅም፣ ሲደመር 300፣ መልሱ አላውቅም ነው። ዓምዱን ሰም (SUM) በሚባለው የመደመሪያ ፈንክሽን ወደ ታች ስትደምሪ ደግሞ ባዶውን ዘሎ የቀረውን ይደምራል። ስለዚህ ሁለቱ መንገዶች አይገናኙም።

መፍትሔው አጭር ነው። አክሰስ ውስጥ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ኤንዜድ (Nz) የሚባል ፈንክሽን አለ። በድምሩ ቀመር ውስጥ ሦስቱንም ዓምዶች አንድ በአንድ በእሱ ጠቅልያቸው፤ ባዶ ከሆነ 0 ቁጠር በይው። ዜሮዋን መጻፍ እንዳትረሺ። ካልጻፍሻት ኩዌሪ (ከመዝገቡ መረጃ የምታወጪበት ጥያቄ) ውስጥ ባዶ ጽሑፍ ነው የሚመልስልሽ። ፖስትግሬስ ወይም ማይኤስኪውኤል በሚባሉት ሌሎች ዳታቤዞች የምትሠሩ አንባቢዎች፣ ይህንኑ ሥራ ኮአለስ (COALESCE) ይሠራላችኋል። አንድ ነገር ልጨምር። ገና ምንም ያላስገባች አዲስ አባል ካለች፣ የሚደመር ረድፍ ስለሌላት ሰም ራሱ ባዶ ይመልሳል። እዚያ ላይ ኤንዜድን ከሰም ውጪ አድርጊው እንጂ ከውስጥ ብቻ ካስገባሽው አይሠራም።

ልብ በይ፣ ይህን ሁሉ የምታደርጊው ሪፖርቱ ላይ ነው። መዝገቡን እንዳትነኪው! ጓደኛሽ የመከረችሽን አታድርጊ።

ይህን አጥብቄ የምልሽ ስለደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የመድኃኒት ቆጠራ ወደ ኮምፒውተር አስገባ ነበር። ባዶ ሳጥኖቹ ድምሬን ስላበላሹብኝ ሁሉንም ዜሮ ሞላኋቸው። ሪፖርቱ አማረ። ግን ባዶዎቹ «አልተቆጠረም» ማለት ነበሩ፤ ዜሮ ደግሞ «አልቋል» ማለት ነው። መደርደሪያ ላይ ሞልቶ የተቀመጠው መድኃኒት እንዳለቀ ሆኖ ወጣ። የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የትኛው ዜሮ እውነተኛ እንደሆነ፣ የትኛው እኔ የሞላሁት እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ሁለት ሰዎች ሦስት ቀን ሙሉ መደርደሪያውን እንደገና ቆጠሩ።

ያንቺም መዝገብ ላይ ያለው ባዶ አንድ ዓይነት አይመስለኝም። አንዷ አባል የፍላጎት ቁጠባ ውስጥ ጭራሽ አልገባችም። ሌላዋ ግን ገብታለች፤ ከወረቀቱ ስታስገቢ ደረሰኟ ስላልተገኘ ነው ሳጥኑ ባዶ የቀረው። የዛሬዎቹን ዳታቤዞች መሠረት እ.ኤ.አ. በ1970 የጣለው ኤድጋር ኮድ እንኳ በዚህ ነገር ብዙ ተጨንቋል። «አለ ግን አልታወቀም» እና «አይመለከተውም» በሁለት የተለያዩ ምልክቶች ይለዩ ብሎ ነበር። ዳታቤዞች የሚታዘዙበት ቋንቋ ኤስኪውኤል ግን አንድ ባዶ ብቻ ይዞ ቀረ። ስለዚህ ልዩነቱን አንቺው መመዝገብ አለብሽ። «የፍላጎት ቆጣቢ ናት?» የሚል አዎ ወይም አይደለም የሚመለስበት ዓምድ ጨምሪ። አዎ ተብሎ ሳጥኑ ባዶ የሆነባቸውን አውጪና ደረሰኝ ፈልጊላቸው። እነዚህ ሴቶች ከጉሮሯቸው ነጥቀው ያስቀመጡት ብር ነው። ያልተገኘ ደረሰኝ ዜሮ ተብሎ መቅረት የለበትም። ሪፖርቱ ግርጌ ላይም ከድምሩ ጎን ያልተሞሉት ስንት እንደሆኑ ይታይ። ካውንት (COUNT) የሚባለው መቁጠሪያ ፈንክሽን ኮከብ ምልክት (*) ስትሰጪው ረድፎቹን ሁሉ ይቆጥርልሻል፤ ዓምዱን ስትሰጪው ደግሞ የተሞሉትን ብቻ። ልዩነታቸው ያ ቁጥር ነው።

አማካይ ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። ከላይ ባሉት ሦስት አባላት የፍላጎት ቁጠባው አማካይ 300 ብር ነው፤ ባዶው ስለሚዘለል 600 ለሁለት ይካፈላል። ዜሮ ብትሞዪ 200 ይሆናል። ጥያቄሽ «የፍላጎት ቆጣቢዎች በአማካይ ስንት ያስቀምጣሉ?» ከሆነ የመጀመሪያው ነው ልክ። «በአባል ስንት ይደርሳል?» ከሆነና ሁለተኛዋ እውነትም የፍላጎት ቆጣቢ ካልሆነች ሁለተኛው።

ጳጉሜንም የዚሁ ነገር ነው። በወር 500 የሚቆረጥባት አባል በዓመት 6,000 አላት። ጳጉሜን ባዶ ከሆነ አማካዩ 500 ነው፤ ዜሮ ከሞላሽው ለ13 ተካፍሎ 461.54 ይሆናል፤ አባሏ ሳታጓድል ያጓደለች ትመስላለች። ባዶውን ተዪው። ግን በጳጉሜን 300 ብር በእጇ ይዛ የመጣች አባል ብትኖርስ? የእሷ 6,300 ለ13 ይካፈልና 484.62 ይወጣል። ከጎረቤቷ የበለጠ ቆጥባ ያነሰች ትሆናለች! ስለዚህ ወርሃዊውን አማካይ ዳታቤዙ እንዲያወጣው አትተዪለት። ዓመቱን ሙሉ አባል ለነበረች ሁሉ የዓመቱን ድምር አንቺው ለ12 አካፍዪ። የእሷ 525 ብር ይሆናል።