«ቴክ» ሁሉ «ወሰደ» ነው?

ጥያቄ፦ «ሻወር ወሰድኩ»፣ «ፎቶ ወሰድኩ»፣ «ታክሲ ወሰድኩ» ሲባል እሰማለሁ። የእንግሊዝኛው «ቴክ» ፍቺው «ወሰደ» ስለሆነ ልክ ነው ይሉኛል። ጆሮዬ ግን አልቀበል አለ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ጆሮዎን ይመኑት። የኛ «ወሰደ» አንድን ነገር ከነበረበት ያርቃል። ጎርፍ ድልድይ ይወስዳል። እናት ልጇን ሐኪም ቤት ትወስዳለች። «እንቅልፍ ወሰደኝ» የምንለውም ካለንበት ስለሚያርቀን ይመስለኛል። ሻወር ግን ከቦታው አይነሳም። እኛ ሻወር እንገባለን፣ ወይም ገላችንን እንታጠባለን። ፎቶ እናነሳለን። ታክሲ እንይዛለን። «ታክሲውን ወሰደ» ከተባለ የሚታሰበኝ ተረክቦ ወይም ሰርቆ የሄደ ሰው ነው።

«ቴክ» በእንግሊዝኛ ብዙ ሥራ የተጫነበት ግስ ነው። ልብስ ሲወልቅም «ቴክ ኦፍ»፣ አውሮፕላን ሲነሳም «ቴክ ኦፍ» ነው። ለእንግሊዝኛም ቢሆን መጤ ነው። ቫይኪንጎች ከሚባሉት የጥንት የስካንዲኔቪያ ባሕረኞች ቋንቋ ገብቶ «ኒማን» የሚባለውን ነባር ግስ ቀስ በቀስ ተካው።

አማርኛ ይህን ሁሉ ሥራ ለየግሱ አከፋፍሎታል። በጣም የምወደው ምሳሌ «እንካ» ነው። ዕቃ ስናቀብል እንግሊዝኛው ያው «ቴክ» ሲል፣ እኛ ለወንድ «እንካ»፣ ለሴት «እንኪ»፣ ለብዙ ሰው «እንካችሁ» እንላለን። ይህ ቃል ኃላፊ ጊዜ የለውም፣ ትንቢት የለውም፤ ለትእዛዝ ብቻ የተፈጠረ ነው። «ውሰድ» ካልኩዎ ይዘው ይሂዱ ማለቴ ነው። «ያዝ» ካልኩ እንዳይወድቅ ፈርቻለሁ። «እንካ» ውስጥ ግን የሰጪው እጅ ተዘርግቶ ይታያል። እንዲህ ያለ ቃል ይዘን ሁሉንም «ወሰደ» ላይ መከመር ያሳዝነኛል።

ታዲያ «ወሰደ» የገባበትን ሁሉ ልናባርር ነው? አይደለም። «እርምጃ ወሰደ» እና «ኃላፊነት ወሰደ» የትርጉም ጠረን ቢኖራቸውም ሥር ሰደዋል፤ እኔም እጽፋቸዋለሁ። «ፈተና ወሰድኩ» ብዙም አይጥመኝም። «ተፈተንኩ» እያለ ለምን እናስረዝመዋለን? «መድኃኒት ወሰድኩ» ግን ጠቃሚ ነው። ክኒን ይዋጣል፣ ሽሮፕ ይጠጣል፣ መርፌ ይወጉታል። ሐኪሙ «መድኃኒቱን በሰዓቱ ውሰድ» ሲል ሦስቱንም በአንድ ቃል ይጠቀልላቸዋል።