ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ማዕከሉ ሲዘጋ ደስ ብሎኝ ነበር»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ቶሮንቶ ነው። ልጄ ከምትውልበት የሕፃናት ማቆያ አጠገብ፣ ሰዎች የራሳቸውን አደንዛዥ ዕፅ ይዘው መጥተው በነርስ ፊት የሚወስዱበት ማዕከል ነበር። ጠዋት ልጄን ሳደርስ የወደቀ መርፌ በጫማዬ ወደ ዳር የገፋሁበት ቀን አለ። ስለዚህ ቶሮንቶ የምትገኝበት የካናዳ ክፍለ ሀገር፣ የኦንታሪዮ መሪ ዳግ ፎርድ እነዚህን ማዕከላት ከልጆች አጠገብ አነሳለሁ ሲሉ ደገፍኳቸው፤ ሲዘጋም ደስ አለኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የ26 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ፈንታኒል የሚባለውን ኃይለኛ አደንዛዥ ዕፅ እንደሚወስድ፣ እዚያው ማዕከልም ይሄድ እንደነበር ሰማሁ። እህቴ ሰው ሳይሰማ ሀገር ቤት ልካው ጸበል ልታስጠምቀው አስባለች። ፎርድ ትክክል አይደሉም እንዴ? ሰው ራሱን ሲመርዝ ነርስ ቆማ ታያለች? ለልጁስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ የመጨረሻውን ጥያቄዎን አስቀድማለሁ። ስለ ዳግ ፎርድ ነገም ብንነጋገር ምንም አይጎድልብንም።

ዛሬውኑ ፋርማሲ ገብተው ናሎክሶን ይጠይቁ፤ ፈንታኒል ያቆመውን ትንፋሽ የሚመልስ መድኃኒት ነው። በኦንታሪዮ ያለ ሐኪም ማዘዣ፣ በነጻ ይሰጣል። በአፍንጫ የሚረጨውን ይምረጡ፤ መርፌ ለማያውቅ እጅ ይቀላል። አንድ ሳጥን እርስዎ ቤት፣ አንድ ሳጥን እህትዎ ቤት ይቀመጥ።

ፈንታኒል የሚገድለው ትንፋሽን በማቆም ነው፤ አንጎል እንድንተነፍስ የሚሰጠው ትእዛዝ ይደክማል፣ ከዚያም ይቋረጣል። ጥንካሬው ከሄሮይን 50 እጥፍ ገደማ ስለሆነና ሻጮች ሲቀላቅሉት እኩል ስለማይሰራጭ፣ ትናንት የቻለው መጠን ዛሬ ሊጥለው ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ቤተሰብ ልጁ ሲያንኮራፋ ሰምቶ «እንቅልፍ ወስዶታል» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ የሚዘጋው ነው። ያ ከጉሮሮ የሚመጣ ማጉረምረም እንቅልፍ ላይሆን ይችላል። መጻሕፍቱ «ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል» ይላሉ፤ የተጻፉት ለነጭ ቆዳ ነው። በእኛ ልጆች ላይ ሰማያዊ ቀለም አይጠብቁ፤ ከንፈሩን ገልበጥ አድርገው ድዱን፣ ከዚያም ጥፍሩን ይዩ፤ አመድ ይመስላል።

በስሙ ጠርተውት፣ ደረቱን በጨበጡት እጅዎ አንጓ አጥብቀው ፈትገውት ካልነቃ 911 ይደውሉ፤ ናሎክሶኑን በአንዱ አፍንጫው ይርጩ፤ የሚያውቁበት ከሆነ በአፉ ትንፋሽ ይስጡት። ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ በኋላ ለውጥ ከሌለ ከዚያው ሳጥን ሁለተኛውን ይርጩ። ቢነቃም አምቡላንሱን «ተሻለው» ብለው አይመልሱ፤ ናሎክሶን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ኃይሉ ሲያልቅ ፈንታኒሉ ሊመለስበት ይችላል። ልጁ የወሰደው ሌላ ነገር ቢሆንና ተሳስተው ቢረጩለት ናሎክሶን አይጎዳውም። ፖሊስን ፈርተው ስልኩን እንዳያዘገዩ፤ ከ2017 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ወዲህ ያለው የካናዳ ሕግ ደዋዩም ሆነ የወደቀው ሰው ለራሱ በያዘው ዕፅ እንዳይከሰስ ከለላ ይሰጣል።

አሁን ወደ ሰውየው። ዳግ ፎርድ ይህ ችግር ከሩቅ የሚያዩት አይደለም። ወንድማቸው ሮብ ፎርድ የቶሮንቶ ከንቲባ ሳሉ በ2013 ክራክ ኮኬይን ማጨሳቸውን አምነው፣ በዓመቱ ማገገሚያ ገብተዋል። ዳግ ፎርድ ግን በ2018 ሥልጣን ከመያዛቸው በፊትም እነዚህን ማዕከላት አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። በጁላይ 2023 ቶሮንቶ ውስጥ በአንዱ ማዕከል አጠገብ በተነሣ ተኩስ፣ በመንገዱ ታልፍ የነበረች የሁለት ልጆች እናት በተባራሪ ጥይት ሞተች። ከዚያ በኋላ የወላጆች ቁጣ ቢበረታ አይፈረድባቸውም። በነሐሴ 2024 መንግሥታቸው ከትምህርት ቤትና ከሕፃናት ማቆያ በ200 ሜትር ውስጥ ያሉ አሥር ማዕከላት እስከ ማርች 31 ቀን 2025 እንዲዘጉ ወሰነ፤ በምትካቸውም መጠለያና የሱስ ሕክምና የሚያገናኙ 19 ተቋማት ለመክፈት 378 ሚሊዮን ዶላር መደበ።

ስለ ቦታው ከእርስዎ ጋር ነኝ። መርፌው ከልጅዎ እግር ሥር ከደረሰ ጠራጊውም ጠባቂውም ሥራቸውን አልሠሩም፤ ይህንን ያነሣ ሰው ጨካኝ መባል የለበትም። ነገር ግን ሕጉ ማዕከላቱን 200 ሜትር ወዲያ አላዛወራቸውም። አዲሶቹ ተቋማት በነርስ ፊት ዕፅ ማስወሰድ አልተፈቀደላቸውም፤ ከተሞችም ያለ ክፍለ ሀገሩ ፈቃድ አዲስ ማዕከል ለመክፈት ማመልከት አይችሉም። ይህ መዝጋት ነው።

«ማዕከላቱ ሰውን ከሱስ ስላላላቀቁ ከሽፈዋል» የሚለው ክርክርም ሐኪም ጆሮ ውስጥ እንግዳ ነው። አምቡላንስ የስኳር በሽታን አላዳነም ብሎ እንደ መክሰስ ነው። ነርሷ እዚያ የምትቀመጠው ሰውየው መተንፈስ ሲያቆም ኦክስጅን ይዛ ለመድረስ ነው፤ አንጎል ያለ አየር ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ከቆየ መጎዳት ይጀምራል። ዕፁን አትሰጥም፣ አትወጋውም። በካናዳዋ ከተማ በቫንኩቨር በ2003 የተከፈተው ተመሳሳይ ማዕከል፣ ኢንሳይት፣ ሲጠና፣ በዙሪያው 500 ሜትር ውስጥ ከመጠን ባለፈ ዕፅ የሚሞቱት በ35 በመቶ ሲቀንሱ በቀረው ከተማ የቀነሱት በ9 በመቶ ገደማ ነበር። ከፎቁ ላይም በ2007 ማቆም ለሚፈልግ ሰው አልጋ ተዘጋጅቶ ነበር። የያኔው የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር የስቲቨን ሃርፐር ወግ አጥባቂ መንግሥት የማዕከሉን ፈቃድ አላድስም ሲል የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዳኞች በ2011 በሙሉ ድምፅ ከለከሉት። የሌላውንም ወገን ልንገርዎት፤ ፈንታኒል ገበያውን ከያዘ ወዲህ ቫንኩቨር ውስጥ ሞት እጅግ ጨምሯል፣ አንድ ማዕከል ከተማን ሙሉ አያድንም። አብዛኛው የሚሞተው ቤቱ ውስጥ፣ ብቻውን ነው። የእህትዎ ልጅ ከሰው ፊት ይወስድበት የነበረው ቦታ አሁን የለም፤ የት እንደሚወስድ ጠይቀውታል?

ስለ ጸበሉ። አልቃወምም፤ ያጽናናው ሰው አይቻለሁ። የምፈራው መመለሻውን ነው። ለሁለት ወር ያቆመ ሰው ሰውነቱ የለመደውን መጠን ይረሳል። ቦሌ ተሳፍሮ ቶሮንቶ ወርዶ፣ በመጀመሪያው የከፋው ማታ የድሮውን መጠን ቢወስድ ያ መጠን ሊገድለው ይችላል። ከእስር ቤትና ከማገገሚያ የሚወጡትም በብዛት የሚሞቱት በእነዚሁ የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። ፖለቲከኞች «ሕክምና ብቻ» ሲሉ ይህንን ክፍተት አያነሡትም። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን የሚያዝለት ሐኪም ጋ ይውሰዱት፤ እነዚህ መድኃኒቶች የማቋረጡን ስቃይ ያስታግሳሉ፣ ሞትንም በእጅጉ ይቀንሳሉ። ከጀመረ በኋላ «ለጸበሉ ስትል አቁም» የሚለው ሰው ቢመጣ፣ ዘመድም ይሁን አጥማቂ፣ እሺ አይበል። መድኃኒቱ በጉዞው ላይ እንዴት እንደሚቀጥል ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገርም አይሳፈር።

እህትዎን የሚያስጨንቃት ገመናው ነው፤ ይገባኛል። ቢሆንም አብሮት የሚኖረው ሰው ማወቅ አለበት፤ የማያውቅ ሰው ናሎክሶን አይረጭም። ልጁም ቁጣ ካልጠበቀው «ዛሬ ልወስድ ነው፣ በሩን አትቆልፉት» ሊል ይችላል።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር፦ በብርዱ ወራት ናሎክሶኑን መኪና ውስጥ አይተዉት፤ በረዶ ሆኖ ከጠጠረ አይረጭም። ሳጥኑ ላይ ያለውንም የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ይዩ።