ተጫዋቹ አምላክ የሆነበት የታሪክ ጨዋታ እንዴት ይሠራል? ጥያቄና መልስ

በጽሑፍ ስለሚሄድና በየትዕይንቱ ምርጫ ስለሚያቀርብ ጨዋታ ነው የምንነጋገረው፤ ተጫዋቹ ግን ጀግና ወይም ንጉሥ ሳይሆን የአንድ ሕዝብ አምላክ ነው።

ጥያቄ፦ ተጫዋቹ ሁሉን ማድረግ ከቻለ ምን ያጓጓዋል? የጀመርኩት ጨዋታ ገና በአምስተኛው ትዕይንት አሰልቺ ሆነ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁሉን ቻይ ካደረግከው መሰልቸቱ አይቀርም። ምርጫ ክብደት የሚኖረው አንዱን ሲይዙ ሌላው የሚያመልጥ ከሆነ ነው። በ1989 የወጣው ፖፑለስ የተባለው ጨዋታ መንገዱን አሳይቷል፦ ኃይል የሚመጣው ከተከታዮች ነው፤ ተጫዋቹም እያንዳንዱን ሰው በቀጥታ አያዝዝም፤ መሬቱን ከፍና ዝቅ እያደረገ መኖሪያቸውን ያመቻቻል። ሁለቱንም ሐሳብ ውሰድ።

ለጽሑፍ ጨዋታ ሁለት ተለዋዋጮች፣ ማለትም ጨዋታው እየመዘገበ የሚጨምራቸውና የሚቀንሳቸው ቁጥሮች፣ ይበቃሉ፦ ከ0 እስከ 100 የሚሄድ እምነትና ኃይል። እምነትን ከ40፣ ኃይልን ከ3 አስጀምር። በየወቅቱ መጨረሻ ለእያንዳንዱ 20 እምነት 1 ኃይል ይግባ። በሕልም መታየት 1፣ ዝናብ 2፣ ወረርሽኝ ማቆም 4፣ ለሕዝብ በግልጽ መናገር 6 ያስወጣ። በዚህ ስሌት በግልጽ መናገር የፈለገ ተጫዋች ሁለት ወቅት ዝም ብሎ ማጠራቀም ግድ ይለዋል። በነዚያ ሁለት ወቅቶች ልጇ የታመመባት እናት ስትለምነው ይስማ። ጨዋታው ያለው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ይህንኑ ሞክሬ ነበር። እምነት አንዴ ከወረደ ግን ኃይል ስለማይገባ ተጫዋቹ መነሣት አይችልም።

መልስ፦ የታወቀ ችግር ነው፤ ሁለት ነገር ያስተካክሉ። አንደኛ፣ ገቢው ከ1 በታች እንዳይወርድ ያድርጉ፤ ለዚህም በታሪኩ ውስጥ ምክንያት ይስጡት፣ ለምሳሌ ማንም ሳያያት በየማለዳው የምትሠዋ አንዲት አሮጊት። ሁለተኛ፣ እምነት ከ20 በታች ሲሆን ተአምር የሚጨምረው እምነት እጥፍ ይሁን፤ የተራበ ሰው ጥቂቱንም ዝናብ አይረሳውም። ላይኛው ጫፍም ይበላሻል፤ ከ80 በላይ ሲደርስ ተጫዋቹ የሚያሳስበው ነገር ያጣል። ስለዚህ ከ80 በኋላ ሕዝቡ ተአምርን እንደ መብት ይቁጠረው፦ ሲደረግለት እምነቱ አይጨምር፣ ሲቀርበት ግን በ10 ይቀንስ።

ጥያቄ፦ ተአምር ማድረግና ውጤቱን ማየት ብቻ ከሆነ ታሪኩ የት አለ?

መልስ፦ ታሪኩ ያለው ሰዎች ምልክቱን በሚተረጉሙበት መንገድ ላይ ነው፤ ከዚህ ሥራ ሁሉ አብዝቼ የምወደው ክፍልም ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ተአምር ቢያንስ ሦስት ተርጓሚ አዘጋጅ፦ ንጉሥ፣ ካህንና አንድ ተራ ገበሬ። ተጫዋቹ በመኸር ዝናብ አዘነበ እንበል። ዘግይቶ ለዘራው በረከት ነው፣ ነዶውን አውድማ ላይ ላከማቸው መቅሠፍት ነው፣ ካህኑ ደግሞ «መሥዋዕት ስላሳነሳችሁ ነው» ብሎ ግብር ይጨምራል። ተጫዋቹ ግብር አላዘዘም፤ በስሙ ግን ተሰበሰበ። ካህኑን ይቅጣው ወይስ ዝም ይበል? የሚቀጥለው ምርጫ ከዚሁ ይወለዳል፣ አዲስ ክስተት መፈልሰፍ አያስፈልግህም።

ውጤቱን አዘግየው። ድርጊቱን መዝግበህ ከሦስት ትዕይንት በኋላ አምጣው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው፣ ውጤቱ ሲመጣ ተጫዋቹ ከምን እንደመጣ የማያውቅ ሲሆን ነው፤ ያኔ ሁሉም ነገር እንደ ዕጣ ይሆንበታል። ከባለታሪኮቹ አንዱ «ያ በመኸር የወረደው ዝናብ» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስታውሰው።

ጥያቄ፦ ቅርንጫፉ በዛብኝ፤ ጽፌ የምጨርሰው አልመሰለኝም።

መልስ፦ በየጊዜው ለሁለት እየከፈልሽ ከሄድሽ በ10 ምርጫ 1,024 መጨረሻ ይኖርሻል፤ ማንም አይጨርሰውም። ታሪኩን በ8 ወቅት ክፈይው፤ በየወቅቱ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ትዕይንት ይኑር፤ በወቅቱ መጨረሻ ሁሉም መንገድ አንድ ቦታ ይገናኝ። ልዩነቱን የሚሸከሙት ተለዋዋጮቹ ናቸው። 30 ትዕይንት በአማካይ 160 ቃል ቢሆን 4,800 ቃል ነው፣ ለአንድ ጸሐፊ የሚቻል ሥራ።

ጥያቄ፦ በምን ይሠራ?

መልስ፦ ለጀማሪ ትዋይን የተባለው የጽሑፍ ጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም፣ ከውስጡም ሹገርኪዩብ የሚባለው ቅርጸት። በኋላ ወደ ዩኒቲ (ትልልቅ ጨዋታዎች ወደሚሠሩበት ፕሮግራም) የሚወስደው ሰው ኢንክ የተባለውን የታሪክ መጻፊያ ቋንቋ ይምረጥ። በሹገርኪዩብ የተለዋዋጭ ስም በላቲን ፊደል መሆን አለበት፤ ታሪኩ ግን ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ይጻፋል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ያለ ፎንት ከጨዋታው ጋር ያያይዙ፤ ያለዚያ የአማርኛ ፎንት በሌለው ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሣጥን ብቻ ይታያል። ትዋይንን በብራውዘር የሚጠቀም ሰው ደግሞ የሥራውን ቅጂ በየቀኑ በፋይል ያውርድ፤ ታሪኩ የሚቀመጠው ብራውዘሩ ውስጥ ስለሆነ መረጃው ሲጸዳ አብሮ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ተጫዋቹን «አንተ» ልበለው ወይስ «እርስዎ»?

መልስ፦ ጸሎት በ«አንተ» ነው፤ «እርስዎ» ካልሽው የቢሮ ደብዳቤ ይመስላል። ሴት አምላክ ከሆነች ግን እያንዳንዱ ግስ ይለወጣል። ግሱን በኮድ እቀያይራለሁ ብትዪ ስሕተቱ ማለቂያ የለውም። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በፊት አንዱን ቁረጪ። ካህኑ አንዳንዴ ወንድ፣ አንዳንዴ ሴት የሚሆን ከሆነም ቃሉን ብቻ አትተኪ፤ ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ ሙሉውን ጻፊው።

ጥያቄ፦ አማኝ ሰው ይህን ሲያይ አይቆጣም?

መልስ፦ ዛሬ ሰው የሚያመልከውን አምላክ በተጫዋች እጅ ማስገባት አይገባም፤ ታቦት፣ የመላእክትና የቅዱሳን ስምም እንዲሁ። ይህ ለአክብሮት ነው፤ ለጨዋታውም ይጠቅማል፣ የፈራ ተጫዋች በነፃነት አይመርጥምና። አዲስ አምላክ መፍጠር ይቻላል። እኔ ግን የጥንቱን የአክሱም አምላክ መሕረምን እመርጣለሁ። ዒዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ያስጻፋቸው የድንጋይ ጽሑፎች «የማይሸነፈው የመሕረም ልጅ» ይሉታል፤ በግሪክኛው የተጻፈው በጦርነት አምላክ በአሬስ ስም ነው። በቤጃዎች ላይ ስለዘመተበት ጦርነት የሚናገረው ጽሑፍ ለዚህ አምላክ የቀረቡ አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ሐውልቶችን ይጠቅሳል። በኋላ በሳንቲሞቹ ላይ የነበሩት ክብና ጨረቃ ለመስቀል ቦታ ለቀቁ።

ለስምንቱ ወቅቶች የሚሆን መነሻ በዚህ ውስጥ አለ፦ ድል፣ መሥዋዕት፣ ከባሕር ማዶ የሚመጡ ነጋዴዎች፣ በመጨረሻም ስምህን የማይጠራ ንጉሥ። የንጉሡን መለወጥ ተጫዋቹ የሚያስቀረው ነገር አታድርገው፤ ምርጫው አምላኩ እንዴት እንደሚሰናበት ላይ ይሁን፦ ተቆጥቶ፣ ባርኮ፣ ወይም በአንዲት ቤት ተደብቆ። በታሪክ የሚታወቁ ሰዎች አፍ ውስጥ ያላሉትን ቃል አታስገባ፤ ንግግሩን ለፈጠርካቸው ሰዎች ስጥ።

ጥያቄ፦ ከመውጣቱ በፊት እንዴት ይፈተሽ?

መልስ፦ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወተው፦ አንዴ ሁልጊዜ እየሰጠህ፣ አንዴ ሁልጊዜ እየቀጣህ፣ አንዴ ምንም ሳታደርግ። የሚሰጠው ሰው እስከ 4ኛው ወቅት ኃይል ካላጠረው ዋጋዎቹን ከፍ አድርግ። ምንም ያላደረገው ከሁሉ የተሻለ መጨረሻ ካገኘ ደግሞ ዝምታ በየወቅቱ 5 እምነት ያስወጣው። ሁልጊዜ የሚቀጣው በ3ኛው ወቅት ከወደቀ ቅጣት አንዳንዴ ፍትሕ ሆኖ የሚታይበት ትዕይንት ጎድሎሃል፤ ድሃ የሚበድል ዳኛ አስገባና እንደገና ሞክረው።