ኪሞ ላይ ያለችን እናት ማን ይጠይቃት?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ በጡት ካንሰር ምክንያት ኪሞ (ኪሞቴራፒ፣ የካንሰር ሴሎችን የሚገድል መድኃኒት) ጀምራለች። ጅማ ሰው ታሞ በር እንደማይዘጋ ያውቃሉ፤ ጎረቤቱም የዕድሩ ሰውም ይመጣል፣ ቡና ይፈላል። ትናንት ሌሊት ብርድ ብርድ ብሏት ፓራሲታሞል ሰጠኋት፤ ተሻላት። ጠያቂ ልከልክል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጠያቂው ይልቅ ያሳሰበኝ ያ ሌሊት ነው። ዛሬውኑ ለሐኪሟ ንገሪ። ኪሞ መቅኒ ውስጥ የሚመረቱትን፣ ኢንፌክሽን የሚዋጉትን ነጭ የደም ሴሎችም ይቀንሳል፤ ቁጥራቸው ብዙውን ጊዜ በጣም የሚወርደው መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ቁስል መግል ላይቋጥር፣ የሳንባ ምች አክታ ላይኖረው ይችላል። ብቸኛው ምልክት ትኩሳት ሊሆን ይችላል፤ እኔም ኪሞ ላይ ላለ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው።

ቴርሞሜትር ግዢ። በአፍ ወይም በብብት ለኪያት፣ በፊንጢጣ ግን በፍጹም። 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ብርድ ካንቀጠቀጣት፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት፤ ገና በር ላይ «ኪሞ ላይ ናት» በያቸው። አንቲባዮቲኩ በ1 ሰዓት ውስጥ በደም ሥር ቢጀመር ነው የሚመረጠው። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ይሸፍናል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያጠፋም፤ ሳትለኪና ሐኪም ሳታማክሪ አትስጫት።

ጠያቂ አትከልክዪ፤ ብቸኝነትም ይጎዳታል። የሚያስለው፣ ጉንፋን የያዘው፣ ኩፍኝ ወይም ጉድፍ የወጣበት ልጅ ግን ለጊዜው ይቅር፤ በስልክ ይጠይቃት። የመጣው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ መስኮቱ ይከፈት። ያልፈላ ወተትና ጥሬ ሥጋ አይቅረብላት፤ ክትፎ ካማራትም በደንብ ይብሰል።